ደም፣ ሽንት ወይስ ሰገራ? የካንሰር ምርመራ ስትመርጡ

ባለፈው የካቲት አጎቴ ከቆላ ድባ ጎንደር መጡ። የሽምብራ ብር በኪስ፣ ፌስታል በእጅ። ከፌስታሉ አንድ ወረቀት አወጡና "አንች፣ ይኸ ምን ይላል?" አሉኝ። ላብራቶሪ ስለምሠራ ዘመድ አዝማዱ ወረቀት ይዞ የሚመጣው እኔ ጋ ነው። ሠርግ ላይ ሳይቀር የሽንት ውጤት አንብቤ አውቃለሁ።

ወረቀቱ "ሙሉ የካንሰር ምርመራ" ይላል። ስድስት መስመር ነው። አምስቱ ደህና፣ አንዷ ግን ኮከብ አለባት። ሲኤ 125፣ 61። ከ35 በታች መሆን ነበረበት። ሲኤ 125 በዋናነት የእንቁልጢን (እንቁላል የሚያመርተውን የሴት አካል) ካንሰር ለመከታተል የሚታዘዝ ምርመራ ነው። አጎቴ ደግሞ የ66 ዓመት ወንድ፣ የሰባት ልጆች አባት ናቸው። ፓኬጁን የሸጠላቸው ቤት ለወንድም ለሴትም ያለው አንድ ፓኬጅ ነው መሰለኝ። "ካንሰር ሳይሆን አይቀርም፣ ቶሎ ትልቅ ሆስፒታል ይሂዱ" ተብለው ነው የመጡት። ሦስት ሌሊት አልተኙም።

ሆዳቸው ነፋ ብሏል፣ ከስተዋል፣ ማታ ማታ ያልባቸዋል። ሐኪም ጋ ሄድን። ከሆዳቸው በመርፌ ፈሳሽ ተቀዳ። ፈሳሹ ውስጥ የካንሰር ሴል አልታየም፣ ሌሎች ምርመራዎች ተጨመሩና መጨረሻ ላይ የሆድ ቲቢ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቱ የ6 ወር ነው፣ በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ይሰጣል። ሲኤ 125 ከፍ ብሎ የወጣው የሆድ ዕቃን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን በቲቢው ስለተቆጣ ነው። ይህ ሽፋን ሲቆጣ ወንድ ይሁን ሴት ቁጥሩ ሊወጣ ይችላል። ቲቢ እንዲህ በሞላበት አገር ይህን ሳይነግሩ ወረቀቱን ብቻ መስጠት እኔን ያናድደኛል።

እና ከዚያ ወዲህ "የቱን ምርመራ ልሥራ?" ለሚለኝ ሁሉ የምመልሰውን እዚህ ልጻፈው።

የሚለካው ነገር ምንድን ነው?

የመቁጠሪያ ዶቃ አስቡ። ዶቃዋ አሚኖ አሲድ ናት። ጥቂት ዶቃ በክር ሲያያዝ ፔፕታይድ ይባላል፣ ሲረዝምና ሲጠቀለል ፕሮቲን። ከታይሮይድ ዕጢ የሚወጣው ካልሲቶኒን 32 ዶቃ ያለው ፔፕታይድ ነው። ከፕሮስቴት (ከወንዶች ፊኛ ሥር ካለው ዕጢ) የሚወጣው ፒኤስኤ 237 ዶቃ ያለው ፕሮቲን ነው። የካንሰር ሴሎች እነዚህን ወይም ቁርጥራጫቸውን ወደ ደም፣ ወደ ሽንት፣ ወደ ሆድ ፈሳሽ ያፈሳሉ፣ እኛ ደግሞ እዚያ እንፈልጋቸዋለን።

ችግሩ ጤነኛ ሴልም ያፈሳቸዋል። ካንሰር ብቻ የሚሠራው፣ ሌላ ማንም የማይሠራው ፔፕታይድ ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ጽሑፍ በአንድ መስመር ያልቅ ነበር። የለም። ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን "ካንሰር ነው" ወይም "አይደለም" አይልም።

ከመምረጣችሁ በፊት ራሳችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፦ የመጣሁት ምን ሆኜ ነው? ምንም ሳያመኝ "ለማንኛውም" ብዬ ነው? የሚያስጨንቅ ምልክት ኖሮኝ ነው? ወይስ ካንሰሩ ታውቆ ሕክምናው እየሠራ መሆኑን ለማየት? ቱመር ማርከር የሚባሉት የደም ምርመራዎች በሦስተኛው ላይ ጎበዝ ናቸው። በሁለተኛው ላይ ረዳት ናቸው። በመጀመሪያው ላይ ግን ከጥቂቶቹ በቀር ብር መብያ ናቸው፣ የሚያሳዝነው ደግሞ በፓኬጅ የሚሸጡት በብዛት ለመጀመሪያዎቹ ሰዎች ነው።

ደም

ወንዶች ፒኤስኤን ነው የሚጠይቁኝ። አሜሪካኖች በ1986 እ.ኤ.አ. የፈቀዱት የታወቀ የፕሮስቴት ካንሰርን ለመከታተል ነበር። ካንሰሩን ለመፈለግ እንዲውል የተፈቀደው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው። ከ4 በላይ ሲሆን "ከፍ ብሏል" ይባላል፣ ነገር ግን በ4 እና በ10 መካከል ሆኖባቸው ባዮፕሲ (ለምርመራ የሚቆረስ ትንሽ ሥጋ) ከተወሰደላቸው ወንዶች ካንሰር የሚገኝባቸው ከአራት አንዱ ገደማ ናቸው። የቀሩት ሦስቱ በዕድሜ ምክንያት ፕሮስቴታቸው አብጦ ወይም ኢንፌክሽን ኖሮባቸው ነው። ተቃራኒውም አለ። አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ፒኤስኤያቸው ከ4 ያልበለጠ ወንዶችን ባዮፕሲ ሲያደርግ ከ100ው በ15ቱ ካንሰር አግኝቷል። አብዛኛው ግን ዕድሜ ልክ ሳይነሳ አብሮ የሚኖር ዓይነት ነበር።

ስለዚህ ለማን? ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 69 ላለ ወንዶች፣ ጥቅሙና ጉዳቱ ከተነገራቸው በኋላ ራሳቸው የሚወስኑት ነገር ነው። ከ70 በላይ ለሆነና ምንም ለማይሰማው ሰው አይመከርም። አባቱ ወይም ወንድሙ በፕሮስቴት ካንሰር የታመመበት ሰው ቀደም ብሎ ከሐኪም ጋር ቢነጋገር ጥሩ ነው። ሽንት እየተቆራረጠ ወይም ደም እየቀላቀለ የመጣ ሰው ደግሞ "ይመከራል አይመከርም" የሚለው ክርክር አይመለከተውም፣ ይሂድ፣ ይታይ።

ፒኤስኤ ለመሥራት ከወሰናችሁ ዝግጅት አለው። ከግንኙነትና ከብስክሌት ሁለት ቀን ራቁ። የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን ካለ ታክማችሁ ሳምንታት ጠብቁ። ለፕሮስቴት እብጠት ፊናስቴራይድ የምትውጡ ከሆነ ለሐኪሙ ተናገሩ፣ መድኃኒቱ ቁጥሩን በግማሽ ገደማ ስለሚያወርደው 3 የሚለው ወረቀት እውነቱ 6 ሊሆን ይችላል። ይህን የሚጠይቅ መዝጋቢ እስካሁን አላየሁም፣ እናንተው ንገሩ። መጾም አያስፈልግም። ጠዋት በባዶ ሆድ መጥተው ወረፋ ላይ ራሳቸውን የሳቱ ሽማግሌ አይቻለሁ፣ ለምንም።

ሴቶች ደግሞ ሲኤ 125ን ይጠይቃሉ። እዚህ ላይ መልሱ ግልጽ ነው። እንግሊዝ አገር ከ200,000 በላይ ያረጡ ሴቶችን ለዓመታት ተከታትለው በ2021 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አወጡ። ሲኤ 125 በየዓመቱ መለካት በእንቁልጢ ካንሰር የሚሞቱትን ቁጥር አልቀነሰም። ምክንያቱም ካንሰሩ ገና ትንሽ እያለ ከግማሽ ገደማዎቹ ላይ ቁጥሩ አይወጣም፣ በሌላ በኩል የወር አበባ፣ እርግዝና፣ ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀን ውስጥ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ ሲያድግ)፣ እንደ አጎቴ ደግሞ ቲቢ ያወጡታል። ምንም ለማይሰማት ሴት አልመክርም። ሆዷ ለሳምንታት የተነፋባት፣ ትንሽ በልታ ቶሎ የምትጠግብ፣ ሽንት የሚያጣድፋት ሴት ከሆነች ግን አልትራሳውንድና ሲኤ 125 አንድ ላይ ይሠሩላት።

ኤኤፍፒ ለአገራችን ትርጉም ያለው ነው ብዬ አምናለሁ። የጉበት ካንሰር ምልክት ነው፣ ጉበትን የሚጎዳው ሄፓታይተስ ቢ ደግሞ እኛ ዘንድ ብዙ ነው። ግን ለሁሉም ሰው አይደለም። ጉበቱ የጠጠረ ሰው፣ ወይም ሄፓታይተስ ቢ ኖሮበት ሐኪም ለካንሰር ተጋላጭ ነህ ያለው ሰው በየ6 ወሩ የጉበት አልትራሳውንድ ይነሳ፣ ኤኤፍፒ ይጨመርበት። አልትራሳውንድ ብቻውን ገና ከጀመሩ 100 የጉበት ካንሰሮች 45 ገደማውን ያገኛል፣ ኤኤፍፒ ሲታከልበት ወደ 63 ይደርሳል። ኤኤፍፒ ብቻውን ግን በቂ አይደለም። ነፍሰ ጡር ላይም በተፈጥሮ ከፍ ይላል፣ ስለዚህ ፓኬጅ አሠርታ ኤኤፍፒ የወጣባት ወጣት ሴት መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ ትሥራ! የሄፓታይተስ ቢ ሁኔታውን ጭራሽ የማያውቅ ሰው ደግሞ ኤኤፍፒን ትቶ በዚያችው ብር ሄፓታይተሱን ይመርመር። ያ ነው ቀዳሚው።

ሲኢኤ በ1965 እ.ኤ.አ. የተገኘ ነው፣ ለትልቁ አንጀት ካንሰር ክትትል ይሆናል። ሲጋራ ያወጣዋል። ሲኤ 19-9 ለቆሽት ካንሰር ክትትል ነው፣ በዘር ምክንያት ጭራሽ የማያመነጩት ሰዎች አሉ። ሁለቱም ለጤነኛ ሰው መፈለጊያ አይሆኑም። ሲኤ 15-3ም እንዲሁ ነው፣ የጡት ካንሰርን በጊዜ አያገኝም።

ካልሲቶኒን ላይ አንድ ነገር ልበል፣ እንቅርት ያለበት ሰው በደጋው አካባቢ ብዙ ስለሆነ። ካልሲቶኒን የሚያመለክተው ሜዱላሪ የሚባለውን፣ እምብዛም የማይገኘውን የታይሮይድ ካንሰር ብቻ ነው። ለእንቅርት መጀመሪያ የሚሠራው የሆርሞን ምርመራና አልትራሳውንድ ነው፣ ካስፈለገም በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰዳል። ካልሲቶኒን ደግሞ ቶሎ የሚበላሽ ፔፕታይድ ነው። ደሙ እንደተቀዳ መቀዝቀዝና ቶሎ መለየት አለበት። ናሙናው በባጃጅ ፀሐይ ሲመታው ቆይቶ የሚሄድ ከሆነ ብራችሁን ያዙ።

ሽንት

ሽንት መስጠት አያምም። ለፔፕታይድ ተመራማሪዎችም የተመቸ ነው፣ ፊኛ ውስጥ ሰዓታት ስለሚቆይ መቆራረጥ ያለበት አስቀድሞ ተቆራርጦ ይመጣል፣ ከደም ይልቅ ረጋ ያለ ነው።

አንድ ነገር በቅርብ ላሳያችሁ። መልቲፕል ማየሎማ የሚባል የመቅኔ ካንሰር አለ። ታማሚው ወገቡን ያመዋል፣ ደሙ ያንሳል፣ ኩላሊቱ ይደክማል። የሽንት ስትሪፑን ነክሬ ሳወጣው የፕሮቲኗ ሳጥን ቢጫ ሆና ትቀራለች፣ ኔጌቲቭ። ያው ሽንት ላይ ሰልፎሳሊሲሊክ አሲድ ጠብ ሳደርግበት ግን እንደ አሬራ ይነጣል። ስትሪፑ የሚያየው አልቡሚንን ነው፣ ማየሎማው የሚያፈሰው ደግሞ ሌላ፣ ቀላል ሰንሰለት የሚባል የፀረ እንግዳ አካል ቁራጭ ነው። ይህን ፕሮቲን በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ያጠናው ቤንስ ጆንስ የሚባል ሐኪም ነበር፣ ሲሞቅ ይረጋል፣ ሲፈላ ተመልሶ ይሟሟል። በሰውነት ፈሳሽ ውስጥ የተገኘ የመጀመሪያው የካንሰር ምልክት እሱ ነው ይባላል። ስለዚህ ዕድሜው ገፋ ያለ፣ አጥንቱን የሚያመውና ደም ያነሰው ሰው "የሽንት ፕሮቲን ኔጌቲቭ ነው" ተብሎ አይሸኝ፣ ፕሮቲኖቹን በኤሌክትሪክ ለያይቶ የሚያሳየውን፣ ኤሌክትሮፎሬሲስ የሚባለውን ምርመራ ይጠይቅ።

ሁለተኛዋ የእርግዝና ስትሪፕ ናት። ፋርማሲ ሁሉ የምትሸጠው። የምትለካው ኤችሲጂን ነው፣ ኤችሲጂን ደግሞ አንዳንድ የወንድ የዘር ፍሬ ካንሰሮችም ያመነጩታል። ወንድ ላይ ፖዘቲቭ ከወጣች ሳቁን ትቶ ሐኪም ጋ መሄድ ነው፣ ኔጌቲቭ መሆኗ ግን ምንም አያረጋግጥም፣ የዘር ፍሬው ላይ እብጠት ያለበት ሰው አልትራሳውንድ ነው የሚያስፈልገው። በይበልጥ የምትጠቅመው ጽንስ ሳይኖር የእንግዴ ልጁ ብቻ እንደ ወይን ዘለላ ያደገባቸው፣ ሞላር እርግዝና የሚባለው የገጠማቸው ሴቶችን ነው። ማህፀኑ ከተጠረገ በኋላ ወደ ካንሰር የሚለወጥበት ጊዜ ስላለ ኤችሲጂው ዜሮ እስኪገባ፣ ከዚያም ወራት ክትትል ያስፈልጋል። ክትትሉ በደም ቢሆን ይመረጣል፣ ቁጥር ስለሚሰጥ። ስትሪፗ ሌላም አመል አላት። ኤችሲጂው ከልክ በላይ ሲበዛ ትሞላና ኔጌቲቭ ታሳያለች። ሽንቱን በውኃ አቅጥነን ደግመን ስንነክራት ነው ሁለተኛዋ መስመር ብቅ የምትለው።

ሰገራ

እዚህ ላይ ምርጫው እውነተኛ ነው፣ ሁለት ዓይነት ስላለ። የድሮው ጓያክ ይባላል፣ ደም ውስጥ ያለውን ሂም (ብረት ያዘለውን የቀይ ቀለሙን ክፍል) ነው የሚያየው። የማንን ደም እንደሆነ አይለይም። እሁድ ጥሬ ሥጋ በልታችሁ ሰኞ ሰገራ ከሰጣችሁ የበሬውን ደም አግኝቶ ፖዘቲቭ ሊላችሁ ይችላል። ጾም ላይ ብትሠሩት ይሻላል፣ ቀልድ አይደለም። አዲሱ ፊት (FIT) ይባላል፣ የሰውን ግሎቢን ፕሮቲን ብቻ በፀረ እንግዳ አካል ይይዛል። ቁርጥም ክትፎም አያሳስተውም። አንዴ ተሠርቶ ካሉት የትልቁ አንጀት ካንሰሮች ከ100ው 79 ገደማውን ያገኛል። ሁለቱም ካሉ ያለ ክርክር ፊትን (FIT) ምረጡ።

ነገር ግን እኛ ጋ ሰገራ ላይ ደም የሚያመጣ ነገር ብዙ ነው። መንጠቆ ትል አለ፣ አሜባ አለ፣ ኪንታሮት አለ፣ ከጣና ዙሪያ ለሚመጣ ሰው ደግሞ ብልሃርዝያ አለ። ስለዚህ ፖዘቲቭ ሲወጣ ያው ናሙና በማይክሮስኮፕ ይታይ፣ ትሉ ይታከም፣ ይደገም። ከ45 ዓመት በላይ ከሆናችሁ ግን ትል ስለተገኘ ብቻ ኮሎኖስኮፒውን (ትልቁን አንጀት በካሜራ ማየቱን) አትተዉት፣ አንድ ሰው ትልም ካንሰርም ሊኖረው ይችላል። ኮሎኖስኮፒ የማትሠሩ ከሆነ ደግሞ የሰገራውን ምርመራ ከመነሻውም አትጀምሩት፣ ፖዘቲቩን ይዞ ቤት መቀመጥ ጭንቀት ብቻ ነው።

ምራቅና አዳዲሱ ነገር

ምራቅ ገና ነው። "ከአንድ ጠብታ 50 ካንሰር" የሚሉ ማስታወቂያዎችም በስልካችሁ ይመጣሉ። አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በ2002 እ.ኤ.አ. ላንሴት መጽሔት ላይ በደም ውስጥ ያሉ የትንንሽ ፕሮቲኖችን አሻራ ማስ ስፔክትሮሜትር በሚባል ማሽን አንብቦ የእንቁልጢ ካንሰርን ከሞላ ጎደል ሳይሳሳት የሚለይ ዘዴ ወጣ። ዓለም ጉድ አለ። ኋላ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች መረጃውን ቁጭ ብለው ሲመረምሩት ልዩነቱ የመጣው ከካንሰሩ ሳይሆን ናሙናዎቹ ከተያዙበትና ከተነበቡበት ሁኔታ ሊሆን እንደሚችል አሳዩ። ለገበያ ሊቀርብ የነበረው ምርመራም ሳይወጣ ቀረ። እኔ ይሄ አይገርመኝም። ቱቦው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሰዓት ሲቆይ በውስጡ ያሉ ኢንዛይሞች ዶቃውን ሲበጣጥሱት ይውላሉ፣ መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ሲሞቅማ ንገሩኝ ባይ ነው።

የሴቶቹ ሁለቱ

ጡትና የማህፀን በር። በአገራችን ሴቶች ላይ ቀዳሚዎቹ ካንሰሮች እነዚህ ናቸው፣ ሁለቱንም በጊዜ የሚያገኝ የደም፣ የሽንት፣ የምራቅ ምርመራ ላብራቶሪዬ ውስጥ የለም። ይህን እታለም ለምትባል ለማውቃት ሴት ስነግራት አላመነችኝም፣ እንደ አጎቴ ፓኬጁን ልታሠራ ብር ቋጥራ ነበር። "ደም እኮ ሁሉን ያሳያል" አለችኝ። አያሳይም። 41 ዓመቷ ነው። የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላለች ሴት ይሰጣል። የማህፀን በሩ ላይ የቀጠነ ኮምጣጤ ይቀባል፣ አንድ ደቂቃ ይጠበቃል፣ የተለወጠው ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ይታከማል። የማህፀን በር ካንሰርን የሚያመጣውን ኤችፒቪ ቫይረስ የሚፈልገው ምርመራ ካለ ደግሞ እሱ ይበልጣል፣ ናሙናውንም ሴቷ ራሷ መውሰድ ትችላለች። ጡት ላይ እብጠት ከተገኘ በእጅ ተዳስሶ፣ አልትራሳውንድ ታይቶ፣ በመርፌ ናሙና ይወሰዳል። እታለም ማክሰኞ ሄደች፣ ከመግቢያዋ እስከ መውጫዋ ቡና ሦስተኛው እስኪወርድ ያህል አልፈጀባትም። የቋጠረችውን ብር ለልጇ ጫማ አደረገችው።

ከመቀዳታችሁ በፊት

ለፀጉርና ለጥፍር ብላችሁ ባዮቲን የምትውጡ ከሆነ ሳትናገሩ ክንዳችሁን አትስጡ። ብዙ ማሽኖች ምልክቱን የሚይዙት በባዮቲን ማጣበቂያ ነው። ደማችሁ ውስጥ ሲበዛ ፒኤስኤም ኤኤፍፒም ከእውነቱ ያነሰ ሆኖ ሊነበብ ይችላል። የአሜሪካ ምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2017 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ጉዳይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ስንት ቀን ቀድማችሁ ማቆም እንዳለባችሁ እንደምትውጡት መጠን ይለያያልና ላብራቶሪውን ጠይቁ።

ለክትትል ከሆነ ሁልጊዜ አንድ ቦታ አሠሩ። ዛሬ ፒያሳ 5.2፣ በሦስተኛው ወር አዘዞ 6.0 ብሎ ወረቀት ቢሰጣችሁ ካንሰሩ አደገ ወይስ ማሽኑ ተለየ? እኔም አላውቅም፣ ሐኪማችሁም አያውቅም። ሪኤጀንት (የምርመራው ኬሚካል) አልቆ ወደ ሌላ ቤት ከተላካችሁ ወረቀቱ ላይ የቤቱን ስምና የማሽኑን ዓይነት አስጽፉ። የድሮዎቹን ወረቀቶች አትጣሉ። ከአንዲት ቁጥር ይልቅ የሦስት ቁጥር አካሄድ ብዙ ይናገራል።

አጎቴ አሁን አራተኛ ወራቸውን ይዘዋል። ሆዳቸው ጎድሏል፣ እንጀራም እንደ ድሮው ይበላሉ። ያቺ ስድስት መስመር ወረቀት ከቲቢ ካርዳቸው ጋር በዚያችው ፌስታል አለች። ባለፈው ሲመጡ ሌላኛዋን መስመር በጣታቸው ይዘው፣ ፒኤስኤ 3.4 የምትለዋን፣ "ይችስ? ኮከብ የላትም፣ ታዲያ ነፃ ነኝ ማለት ነው?" አሉኝ። "ሽንትዎ ደህና ይወርዳል?" አልኋቸው። ሌሊት አራቴ እንደሚነሱ ያኔ ነው የነገሩኝ።